የተዝናና ሕዝብ ብዛት

ዘገዬ ጽሕፈቱ ያማረ ሰው ነበር፤ መከራውም የመጣው ከዚሁ ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ በአዳማ ከተማ የአንድ እህል መጋዘን ተራ ጸሐፊ ነበር። የቀበሌው ሰዎች የእጅ ጽሑፉን ካዩ ወዲህ ግን ቃለ ጉባኤው፣ መፈክሩ፣ ዕቅዱና ሪፖርቱ ሁሉ በእሱ እጅ ካልተጻፈ አይሆንም ተባለና የዕቅድ ኮሚቴው ጸሐፊ አደረጉት። ስምንት ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ሐሳብ በሚያምር ፊደል ሲጽፍ ኖሮ የራሱን መናገር ጠፋበት። ስብሰባ ላይ ተራው ደርሶ "ጓድ ዘገዬ፣ አስተያየት?" ሲባል፣ ከወንበሩ ግማሽ ያህል ብድግ ይልና "ሐሳቤ ተነስቷል" ብሎ ይቀመጣል። ማን እንዳነሳለት ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በሰባ አምስት ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። የአዳማን ግንቦት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሻማ ሳይለኮስ ይጎብጣል። ውሻና ድመት ጠባቸውን ትተው አንድ ጥላ ሥር ተኝተው ይውላሉ። ሰው ብቻ ነው በዚያ ሙቀት ስብሰባ የሚሄደው።

የዘገዬን የሁለት ዓመት ልጅ ዲንቄን ደግሞ ሙቀቱ ጨርሷት ነበር። ከአንገቷ እስከ ወገቧ ድረስ ቀይ ሽፍታ ወጥቶባት ስታክ ትውላለች፣ ስታክ ታድራለች። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እሷም አልተኛች፣ አባቷም አልተኛ፣ እናቷ ተሻለችም አልተኛች። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ድሬሰሩ አገላብጦ አያትና፣ "መድኃኒት አያስፈልጋትም። ልብሷን አቅልሉላት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጧት። በቃ!" አላቸው።

ቃሉ ቀላል ነበር። እንቅፋቱ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ውሃው፣ ሁለተኛው እማማ እናትነሽ። የሰፈሩ ቦኖ የሚከፈተው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ተሻለች ግማሽ ቀን ተሰልፋ የምታመጣው ውሃ ለመጠጥና ለወጥ እንጂ ለመቀመጫ አይተርፍም። እማማ እናትነሽ ደግሞ የተሻለች እናት ናቸው። ልጃቸውን ሊያርሱ ከመንዝ መጥተው ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። በተወለዱበት አገር ግንቦትም ቢሆን ሰው እሳት ሳይሞቅ አያመሽምና በእሳቸው ዘንድ ሕፃን የሚያመው በብርድ ብቻ ነው። ቢያስለው ብርድ ነው፣ ቢያስቀምጠው ብርድ ነው፤ የዲንቄም ሽፍታ "ብርዱ ወደ ውጭ እየወጣላት" ነው። አማች ስለሆኑ ዘገዬን አንቱ እያሉ ነው የሚያናግሩት፤ አንቱ እያለ የሚከራከርን ሰው ደግሞ ማሸነፍ አይቻልም።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው የመዝናናቱ ዕቅድ የደረሰው። ዕቅዱ የወጣው በታኅሣሥ ነበር። ሠርቶ አደሩ በተለይ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናቱን ይዞ በተደራጀ መልክ ይዝናና የሚል መመሪያ ከላይ መጣ፤ የታኅሣሥ ማለዳ ለአዳማም ቆንጠጥ ያደርጋልና ኮሚቴው ኮቱን ደርቦ ተወያየበት። "ሕፃናቱን ከብርድ ለመከላከል ሲባል መዝናናቱ በሶደሬ ፍል ውሃ እንዲካሄድ" ተብሎ ተወሰነ። ዘገዬም አሳምሮ ጻፈው። ከዚያ በጥር የቆጠራ ሥራ መጣ፣ በየካቲት ዘመቻ መጣ፣ በመጋቢት ዕቅዱ ለምን እንደዘገየ የሚመረምር ስብሰባ መጣ። ሲንከባለል ግንቦት ገባ።

ዘገዬ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ንግግር አጠና። "ጓዶች፣ ወሩ ተለውጧል። ወደ ቆቃ ብንሄድስ? ሐይቁ ዳር ነፋሻ ነው፤ ውሃውም ቀዝቀዝ ይላል።" ይኸው ነው፤ ከዚህ አይበልጥም። መጋዘን ውስጥ ለጆንያዎቹ ሳይቀር ተናግሮታል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገብረወልድ ነበር። ስሙ የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው ብሎ ስለሚያፍርበት፣ "በቃ ጓድ ገብረ በሉኝ" ይል ነበር። የካኪ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚውል ሰው ነው፤ በዚያ ሙቀት የላይኛውን ቁልፍ ሲፈታ ያየ የለም። የዚያን ዕለት ዕቅዱን አንስቶ፣ "ዕቅድ ዕቅድ ነው። የአየር ጠባይ አይሽረውም" ካለ በኋላ ቤቱን በዓይኑ ዞረ። "ጓድ ዘገዬ፣ አስተያየት?"

ዘገዬ ግማሽ ያህል ብድግ አለ። ቆቃ የሚለው ቃል ጥርሱ ጋ ደርሶ ነበር።

"ሐሳቤ ተነስቷል" አለና ተቀመጠ።

ቤት ሲገባ ተሻለች በር ላይ ጠበቀችው። "ነገርካቸው?"

"ሐሳቡ ተነስቷል።"

"ማን አነሳው?"

ዲንቄ ከውስጥ ስታለቅስ ሰማትና በራሱ ተናደደ። እንግዲህ የቀረው ተስፋ አንድ ነበር። ሶደሬ ወንዝ አለ፣ ቧንቧ አለ፤ ከዚያ ሁሉ ውሃ መካከል አንድ ቀዝቃዛ አይጠፋም። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ላስቀምጣት፤ አንዴ እንቅልፍ ይውሰዳት፤ ሌላ ምንም አልፈልግም አለ በልቡ።

ዓርብ ዕለት የመዝናናቱን ሪፖርት ጻፈ። መዝናናቱ የሚደረገው እሑድ ነው፤ ሪፖርቱ ግን ዓርብ ማለቅ ነበረበት፤ ደንቡ እንዲያ ነው። "ቤተሰቦች በከፍተኛ የአብዮታዊ ስሜት ተዝናኑ፤ ሕፃናቱም በፍል ውሃው ውስጥ ደስታቸውን ገለጹ" ብሎ ጻፈ። መጨረሻ ላይ "በዕቅዱ መሠረት እንዲዝናና የተያዘ፦ 42" የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ "የተዝናና ሕዝብ ብዛት፦" የሚል ባዶ ቦታ። እውነቱ እስኪታወቅ የሚጠብቀው ይህ ባዶ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ዘወትር የሚሞላው ከላይኛው መስመር በመገልበጥ ነበር።

እሑድ ማለዳ ዘገዬ ዲንቄን በስስ ቀሚስ ታቅፎ ሊወጣ ሲል እማማ እናትነሽ በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው።

"ምነው አንቱ፣ ልጅቱን ራቁቷን ሊወስዷት ነው?"

"እማማ፣ ሙቀት እኮ ነው። ድሬሰሩም ልብሷን አቅልሉ ብሏል።"

"ድሬሰሩ ልጅ ወልዶ ያውቃል?"

"ኧረ እሱስ አያውቅም።"

"እንግዲያው ስለ እመቤቴ ብለው፣ ይህችን ሕፃን ለንፋስ አይስጡብኝ። አንቱን የመሰለ የተማረ ሰው እንዲህ ሲጨክን ምን ይባላል?"

ተሻለች መሐል ገብታ አደራደረቻቸው። ድርድሩ ሲያልቅ ዲንቄ በቀሚሷ ላይ ሁለት የሱፍ ሹራብ፣ የሱፍ ኮፍያና እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የሱፍ ካልሲ ለብሳ ነበር። ሦስተኛው ሹራብ ለክፉ ቀን ተብሎ በዘንቢል ተያዘ። ሱፉን የፈተሉትም የሠሩትም እማማ እናትነሽ ራሳቸው ናቸው።

አውቶብሱ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተለምኖ የመጣ ነው። ሾፌሩ ፉፋ የወለንጪቲ ልጅ ነው፤ ለሙቀት እንግዳ አይደለም።

"አካም ቡልቴ፣ ዘገዬ!" ብሎ ሰላም አለውና ዓይኑ ዲንቄ ላይ ቀረ። "አቦ፣ ይህችን ልጅ ወዴት ነው የምትወስዳት? ደብረ ብርሃን?"

"ሶደሬ።"

"በዚህ ልብስ? ዋቃ ይርዳት!"

ከተሻለችና ከእማማ እናትነሽ ጋር አርባ ሁለት ሰው ገባ፤ ዘጠኙ ሕፃናት ናቸው። ለካ እያንዳንዱ ቤት የራሱ እማማ እናትነሽ አለው፤ ዘጠኙም ሕፃናት ተጠቅልለው አፍንጫቸው ብቻ ነው የሚታየው። መስኮቶቹ በሙሉ ተዘጉ። አውቶብሱ ከከተማ ሳይወጣ ዘገዬ አጠገቡ ያለውን መስኮት አንድ ጣት ያህል ከፈተ።

"ኧረ ንፋስ! ንፋስ ገባ!" የሚል ጩኸት ከአራት ወንበር ተነሳ። "ሕፃናት ይዘን! ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ዘገዬ ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው። የተከፈተ መስኮት የቀረው የሾፌሩ ብቻ ሆነ። ከኋላው የተቀመጡ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ አንተም ዝጋው እንጂ፤ ላብህ ላይ ንፋስ ይመታሃል" አሉት።

"አባባ፣ ይህን ከዘጋሁት እኔ እወድቃለሁ። ከዚያ ማን ይነዳላችኋል?" አለ ፉፋ። ሽማግሌው ሶደሬ እስኪደርሱ ከቅያሜያቸው አልተመለሱም።

ዲንቄ ጉልበቱ ላይ ተቀምጣ ላቧ በኮፍያዋ ሥር ይወርዳል። አሥር የማይሞሉ ቃላት ነበሯት፤ ውሃን ቡዋ ነው የምትለው። "አባ፣ ቡዋ" አለችው። ከጠርሙስ አጠጣት። ጠጣችና ጠርሙሱን ገፍታ ደረቷን እያሳየች እንደገና "ቡዋ" አለችው። የምትፈልገው መጠጣት አልነበረም። አባቷ ገባው።

ሶደሬ ሲደርሱ ዛፉ ላይ ጦጣዎች፣ ውሃው ላይ እንፋሎት። በሁለት ግንድ መካከል "የተደራጀ መዝናናት ለሕፃናት አካላዊ ዕድገት!" የሚል ጨርቅ ተሰቀለ፤ ጽሑፉ ያው የዘገዬ ነው። ጓድ ገብረወልድ ሁሉንም አሰልፎ መመሪያ ሰጠ። መዝናናቱን የሚከፍቱት ከላይ የሚመጡ እንግዳ ናቸው፤ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፤ እሳቸው ሳይመጡ ማንም ውሃ እንዳይነካ።

አንድ ነገር ግን የሁሉንም ዓይን ሳበ። ከዋርካው ሥር፣ በቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ተጋድሞ፣ ውስጡ በጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ በረዶ ተቀምጧል። በረዶው መካከል የእንግዳው ቢራና ለስላሳ ተደርድሯል። አጠገቡ የሙዝ ዘለላ የያዘ ትሪ አለ። በርሜሉን የሚጠብቀው አብዮት ጠባቂው ሰንበታ ነው፤ መሣሪያውን በትከሻው አንግቦ በረዶውን አላፈናፍን ብሏል።

ዘገዬ ልጁን ታቅፎ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ተነሳ። ገንዳውን በጣቱ ነካው፤ ሻይ ነው። የገላ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፈተ፤ እሱም ከዚያው ከምድር የሚመጣ ሙቅ ነው። ወደ አዋሽ ዳር ወረደ፤ አንድ ዘበኛ ከሩቅ፣ "አዞ አለ! አዞ!" ብሎ መለሰው። ያ ሁሉ ተስፋ ያደረገበት ቦታ አንድ ቀዝቃዛ ጠብታ አጣበት። የቀረው በርሜሉ ብቻ ነው።

ድፍረቱን አሰባስቦ ወደ ሊቀ መንበሩ ሄደ። "ጓድ ሊቀ መንበር፣ ልጄን ሽፍታ አሟት ነው... ከበረዶው ትንሽ፣ በጨርቅ እንኳ ቢሆን..."

"ጓድ ዘገዬ፣ በረዶው የእንግዳው ነው።"

"ገባኝ፤ ግን እኮ እየቀለጠ ነው።"

"ቢቀልጥም በሥርዓት ነው የሚቀልጠው" አለ ጓድ ገብረወልድ።

ዘገዬ አመስግኖ ተመለሰ። ምን ብሎ እንዳመሰገነ በኋላ ራሱም ሊገባው አልቻለም።

አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ፤ ስድስት ሆነ። እንግዳው የሉም። አርባ ሁለት ሰው ውሃ አጠገብ ቁጭ ብሎ በላብ ታጠበ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሊቀ መንበሩ ዝግጅቱ እንዲጀመር፣ በርሜሉ ግን እንግዳው ድንገት ቢደርሱ ተብሎ እንዳይነካ አዘዘ። ለፎቶግራፍ ሲባል ሕፃናቱ በየተራ እግራቸው ገንዳው ውስጥ ገባ ወጣ ተደረገ። ዲንቄ ካልሲዋ ወልቆ ጣቷ ውሃውን ሲነካ የጮኸችው ጩኸት ጦጣዎቹን ከዛፍ ወደ ዛፍ አዘለላቸው። ፎቶግራፍ አንሺው፣ "በጣም ጥሩ፣ አፏን ከፍታለች፤ የሳቀች ነው የምትመስለው" አለ።

ቀጥሎ ሪፖርቱ ነበር። ዘገዬ ልጁን እማማ እናትነሽ ጭን ላይ አስቀምጦ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ተሻለች ሌሎቹን ሴቶች ተከትላ ምሳ ልታቀርብ ሄዳለች። "ቤተሰቦች በከፍተኛ የአብዮታዊ ስሜት ተዝናኑ" ብሎ ጀመረ። ስምንት ሕፃናት ያለቅሳሉ። "ሕፃናቱም በፍል ውሃው ውስጥ ደስታቸውን..." ሲል አንድ ነገር ጎደለበት። የሚያውቀው የዘጠነኛዋ ለቅሶ የለም። ቀና አለ። እማማ እናትነሽ ሙቀቱ ጥሏቸው አንገታቸውን ደፍተው አንቀላፍተዋል። ጭናቸው ላይ ማንም የለም። ሣሩ ላይ አንዲት የሱፍ ካልሲ ወድቃለች።

"ልጄ!" አለ ዘገዬ። ወረቀቱን ጥሎ ሮጠ። በቀበሌው ታሪክ ሪፖርት መሐል ላይ ሲቋረጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። በቀጥታ ወደ አዋሽ ሮጠ፤ አዞ የሚለው የዘበኛው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይጮኻል። ወንዙ ዳር ደረሰ፤ ድፍርስ ውሃ እንጂ ምንም የለም። እንደዚያን ጊዜ ያለ ፍርሃት በዕድሜው አልፈራም፤ ቀበሌውን የፈራው ሁሉ ቢደመር አያህለውም። "ዲንቄ! ዲንቄ!" እያለ ዞረ፤ አርባው ሰው ሁሉ ተተራመሰ።

ያን ጊዜ ነው ሳቅ የሰማው። ከዋርካው ሥር ነው።

ለካ አንድ ጦጣ የእንግዳውን ሙዝ መንትፎ፣ ሰንበታ መሣሪያውን ይዞ ሲያሳድደው በርሜሉ ያለ ጠባቂ ቀርቷል። ዲንቄ ከነሁለት ሹራቧ፣ ከነኮፍያዋ፣ በአንድ እግር ካልሲ፣ በቀለጠው በረዶ ውስጥ እስከ ደረቷ ገብታ በቢራና በለስላሳ ጠርሙስ መካከል ቁጭ ብላለች። ውሃውን በመዳፏ እየመታች ትስቃለች። "አባ! ቡዋ!" አለችው፤ ያገኘሁትን እይ እንደማለት። አሥራ አንድ ቀን ያልሰማውን ሳቅ ሲሰማ ዘገዬ እዚያው ቆሞ አለቀሰ።

"ወይኔ ልጄን! ብርድ ገደላት!" እያሉ እማማ እናትነሽ ደረሱ። ከኋላቸው ሊቀ መንበሩ መጣ።

"ጓድ ዘገዬ! ልጅቱን ከእንግዳው በርሜል ውስጥ አውጣ! አሁኑኑ!"

ዘገዬ ጎንበስ ብሎ ልጁን አነሳት። ሁሉም ተነፈሰ። ሣሩ ላይ አቆማትና የረጠበውን አንደኛውን ሹራብ አወለቀ። ሁለተኛውን አወለቀ። ኮፍያውን፣ የቀረችውን ካልሲ፣ ቀሚሷን አወለቀ። ከዚያ ራቁቷን መልሶ በርሜሉ ውስጥ አስቀመጣት።

ሊቀ መንበሩ ወደ በርሜሉ ቀረበ።

"ምን ማድረግህ ነው?" አለ ጓድ ገብረወልድ። "እንግዳው ቢመጡ ምን ይላሉ?"

"እንግዳው አይመጡም" አለ ዘገዬ። ቃሉ ዛሬ ጥርሱ ጋ አልቀረም። "ቢመጡም እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ልጄ ሳትጠግብ አትወጣም።"

ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን አዩ፣ በርሜሉን አዩ፣ ሊቀ መንበሩን አዩ። አንዷ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ባሏ ክንዷን ያዛት። ማንም አልተከተለም። ስምንቱ ሕፃናት ከነሹራባቸው እያለቀሱ ቀሩ። እማማ እናትነሽ ግን የልጅ ልጃቸውን ሳቅ እያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ በኋላ ብርድ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ሲመለሱ ዲንቄ በስስ ጨርቅ ተጠቅልላ አባቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ዘገዬ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። "ንፋስ!" አሉት ከኋላ። ደግመው "ንፋስ!" አሉት፤ እሱ ግን ልጁ ስትተነፍስ ይሰማ ነበር። እማማ እናትነሽ እጃቸውን ዘርግተው ግንባሯን ነኩ። ሦስተኛውን ሹራብ ከዘንቢሉ አውጥተው ትንሽ ተመለከቱትና መልሰው ከተቱት። የእንግዳው ጠርሙሶች ሳይከፈቱ፣ ሞቀው፣ በመጡበት ሣጥን ተመለሱ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሊቀ መንበሩ ዘገዬን ቢሮ አስጠራው። ሪፖርቱ ዛሬ መሄድ አለበት። "የትናንቱን በኋላ እንነጋገርበታለን" አለ ጓድ ገብረወልድ። "መጀመሪያ ቁጥሩን ሙላ። አርባ ሁለት፤ መቶ በመቶ።"

ዘገዬ ብዕሩን አነሳ። የራሽን ካርዱን አሰበ፤ የመጋዘን ሥራውን አሰበ፤ ከዚህ ባነሰ ነገር የጠፉ ሰዎችን አሰበ። ነገሩ በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ታሪክ የምነግራችሁ አይመስለኝም፤ በሰባ አምስት ሰው ቢያንስ ለመናገር ጊዜ ያገኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ ማለዳ ሲነቃ ዲንቄን አሁንም ተኝታ እንዳገኛት አሰበ። ባዶው ቦታ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ "አንድ" ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ገፋ አደረገው።

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን ተቀበለ። እንደ ወትሮው ሳያነብ ሊፈርም ነው። ዘገዬ ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። ላይ ያሉትም አያነቡትም፤ "አንድ" ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀር ነበር።

"ጓድ ሊቀ መንበር" አለ ዘገዬ፣ "ቁጥሩን አንብበው ይፈርሙ።"

ጓድ ገብረወልድ አነበበ። "አንድ?"

"አንድ።"

"ማነው አንዱ?"

"ልጄ ናት። እኔ ሌላ የተዝናና ሰው አላየሁም። እርስዎ ተዝናንተዋል?"

ጓድ ገብረወልድ ለመመለስ አፉን ከፈተ። ቢሮው በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ላቡ ከጆሮው ሥር ወርዶ የተቆለፈው ኮሌታው ውስጥ ገባ። እጁ ወደ ላይኛው ቁልፍ ሄደ፤ ነካው፤ አልፈታውም። ከዚያ "አንድ" የሚለውን ሰርዞ በራሱ የተንጋደደ ጽሕፈት 42 ብሎ ጻፈና ፈረመ።

"እሑድ ግለ ሂስ ታደርጋለህ" አለው።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ዘገዬ ተነሳ፤ ያን ጊዜ ግማሽ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። "ጓዶች፣ ጥፋቴን አምናለሁ" አለ። "ስምንት ዓመት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐሳቤ ተነስቷል ስል ኖሬያለሁ። አንድም ቀን ያነሳልኝ ሰው አልነበረም። ስዋሽ ነው የኖርኩት።"

ከሁሉም ወገን ሳል ተሰማ። ግለ ሂሱ የወጣበት መመሪያ እንዲህ ያለውን ጥፋት አያውቅም። ኮሚቴው ጓዳ ገብቶ አንድ ሰዓት ተወያየና ቅጣቱን ይዞ ወጣ፤ ዘገዬ ከጸሐፊነቱ ተነስቷል፤ በተጨማሪም ለሦስት ወር ከእሑድ ስብሰባ ታግዷል። ሊቀ መንበሩ ቅጣቱን ያነበበው በጣም በከባድ ድምፅ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዘገዬን በቅናት ነው ያየው።

በሚቀጥለው እሑድ ፉፋ አንድ ግማሽ በርሜል በአውቶብሱ ጣሪያ ጭኖ መጣ። ከየት እንዳመጣው አልተናገረም፤ ዘገዬም አልጠየቀም። ቅዳሜ ቦኖ ተከፍቶ ስለነበር ተሻለችና ጎረቤቶቿ ከቀዱት አዋጥተው ሞሉት፤ ውሃው ማታ በእንስራ በረንዳ ላይ አድሮ ቀዝቅዟል። ዘገዬ ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ነከረ፤ ዲንቄ ራቁቷን መሐሉ ላይ ገብታ ፊቱ ላይ ትረጨዋለች። ሽፍታዋ ደብዝዟል።

የስብሰባው ደወል ተደወለ። ሰፈሩ ሁሉ ወደ አዳራሹ ሄደ፤ ሕፃናትን ይዞ መግባት ግን በሙቀቱ ምክንያት አይቻልም ተብሏል። የመጀመሪያዋ እናት ያቺው ባሏ ክንዷን የያዛት ናት። በአጥሩ በር ብቅ ብላ፣ "እማማ እናትነሽ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ልጁን ይይዙልኛል?" አለች። እሳቸውም ልጁን ተቀበሉና፣ "ይህን ሁሉ ልብስ ምን አስለበሰሽው አንቺ?" እያሉ ሹራቡን ማውለቅ ጀመሩ። ሁለተኛዋ መጣች፤ ሦስተኛዋ መጣች። ሹራቡ በአጥሩ ላይ ተሰጣ። በመጨረሻ አንድ የአብዮት ጥበቃ ዘብ የሊቀ መንበሩን የልጅ ልጅ ይዞ መጣና፣ ማንም እንዳላየው ግራ ቀኝ አይቶ፣ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሰጣቸውና ሄደ።

በርሜሉ ውስጥና ዳር የሚንጫጩትን ዘገዬ ከልማዱ የተነሳ ቆጠራቸው። ከነዲንቄ አሥር ናቸው። ቁጥሩን ግን የትም አልጻፈውም።